የሞተር ኮምፒውተር ከመቀየሩ በፊት ምን መለካት አለበት?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የመኪናዬ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) በደንብ እያዞረ ሞተሩ ግን አልነሳም ብሏል። የምርመራ ማሽን ሲሰካ ከኤቢኤስና ከኤርባግ ኮምፒውተሮች ጋር ይገናኛል፤ ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር ግን ጨርሶ አይገናኝም፤ በሌሎቹ ውስጥም ዩ0100 የሚለው (ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር መገናኘት አልተቻለም ማለት የሆነው) ኮድ ተመዝግቧል። ያየው መካኒክ ኮምፒውተሩ ስለሞተ ከተመሳሳይ ሞዴል የወጣ ያገለገለ ተገዝቶ ይቀየር ብሎኛል። ፈትቶ መግጠሙ የሚያቅተኝ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ያገለገለው እንደተሰካ ሞተሩን ያስነሳ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊትም መረጋገጥ ያለበት ነገር ካለ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያ መልስ

እባክዎ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ እንደሚደርሰው ያረጋግጡ። ሞቷል የተባለ ኮምፒውተር ፊውዝ ወይም ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ተበላሽቶበት የነበረ ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከፊውዙ በኋላ ማሳውን (ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መስመር) ይመርምሩ፤ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በኮምፒውተሩ የማሳ ገመድ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርገው ሞተሪኖው እየዞረ ሲለኩ ንባቡ ከ0.1 ቮልት በብዙ ከበለጠ ገመዱ ከቦዲው ጋር የታሰረበትን ቡሎን ፈትተው ያጽዱት።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮች የሚልከውን 5 ቮልት ነው። አንድ ሴንሰር ውስጡ ሾርት ካደረገ ይህን መስመር ወደ ዜሮ ይጎትተዋል፤ በአንዳንድ መኪኖችም ኮምፒውተሩ ከምርመራ ማሽኑ ጋር መነጋገሩን እስከማቆም ይደርሳል። ቁልፉ በርቶ ሳለ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቮልቱን ይከታተሉ፤ አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ መቀየር ያለበት ያ ሴንሰር እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም።

በመጨረሻም ባትሪውን ፈትተው በምርመራ ሶኬቱ 6ኛና 14ኛ ፒኖች መካከል ያለውን ኦም ይለኩ። በብዙ መኪኖች ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የመገናኛ መስመር በሁለቱም ጫፍ 120 ኦም ሬዚስተር ስላለው ጤነኛው ንባብ ወደ 60 ይጠጋል። 120 ካገኙ አንደኛው ጫፍ ከመስመሩ ወጥቷል ማለት ነው፤ ያ ጫፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ። ስለ ያገለገለው ግን እንደተሰካ ያስነሳል ብለው አይጠብቁ፤ ኢሞቢላይዘር (ቁልፉን ካላወቀ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ የስርቆት መከላከያ) ባላቸው መኪኖች ኮምፒውተሩ የራሱን መኪና ቁልፍና የሻሲ ቁጥር ስለሚያውቅ የማያውቀው መኪና ላይ ሲገባ ነዳጅ ወይም እሳት ይከለክላል። የተሻለው መንገድ የአሮጌው ሜሞሪ የሚነበብ ከሆነ መረጃውን ወደሚገባው ኮምፒውተር መገልበጥ ነው፤ እንዲህ ከተደረገ ቁልፎቹን እንደ አዲስ ማላመድ አያስፈልግም። ለዚህም የሞዴሉ መመሳሰል ብቻ አይበቃም፤ በላዩ ላይ የተለጠፈው የፓርት ቁጥር አንድ መሆን አለበት። በመኪናው ላይ ሶፍትዌር የሚጫን ከሆነ ደግሞ ባትሪው ቮልቱን በማያናውጥ ቻርጀር ተደግፎ መቆየት አለበት፤ በመሀል ቮልቱ ከወረደ ሶፍትዌሩ በግማሽ ተጽፎ ሊቀርና ኮምፒውተሩ ከአገልግሎት ውጭ ሊሆን ይችላል።

ሲፈቱ በቅድሚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ያላቅቁና ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቁ። እጅዎን የቦዲውን ብረት አስነክተው በሰውነትዎ ያለውን ስታቲክ ካስወገዱ በኋላ የሶኬቶቹን መቆለፊያ ማንሻ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ ገመዱን ይዘው አይጎትቱ፤ ፒኖቹንም በጣት አይንኩ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፊውዞቹ፣ ሪሌውና ማሳው ደህና ናቸው። በምርመራ ሶኬቱ ላይ 120 ኦም አነበብሁ፤ የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቅዬ ስለካም ንባቡ አልተለወጠም፤ ሁለቱ የመገናኛ ገመዶችም እስከ ኮምፒውተሩ ሶኬት ድረስ አልተቆረጡም። ሶኬቱ ውስጥ ግን በአንደኛው ጥግ ያሉ አምስት ያህል ፒኖች አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲነካ የሚፈረፈር ሆኗል።

ሦስተኛ መልስ

እንግዲያውስ ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ ወገን መሆኑን በልኬት አረጋግጠዋል፤ ሌላ ቢገዙ ትክክል ነዎት። ነገር ግን ውኃው በየት እንደገባ ሳይታወቅ አዲሱን አይግጠሙ። ውኃ ከላይ መፍሰሱ ብቻ አይደለም፤ ከሞተሩ በኩል የተላጠ ወይም ዘይት የሚያፈስ ሴንሰር ካለ ፈሳሹ በገመዱ ፕላስቲክ ውስጥ እየተሳበ ኮምፒውተሩ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ከሶኬቱ የሚወጣውን አንድ ገመድ ትንሽ ላጥ አድርገው ይመልከቱ፤ መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከተገኘ ጉዳቱ በገመዱም ውስጥ አለና ያ ክፍል ተቆርጦ በአዲስ ገመድ መተካት አለበት። በሶኬቱ በኩል ያሉት የሴት ፒኖችም በማጽጃ መርጫ ብቻ ስለማይድኑ ይቀየሩ።

የኮይሎቹንና (እሳት የሚሰጡት) የኢንጀክተሮቹንም (ነዳጅ የሚረጩት) ኦም በመኪናው ማንዋል ላይ ካለው ጋር ያነጻጽሩ፤ ሾርት ያደረገ ኮይል ካለ የሚገባውን ኮምፒውተር ትራንዚስተር መልሶ ያቃጥለዋል። አሮጌውንም አይጣሉት፤ ፒኖቹ ቢበሰብሱም ሜሞሪው ደህና ሊሆን ስለሚችል መረጃው የሚገለበጠው ከእርሱ ነው።