«አይጥ ላይ ሠራ» ሲባል ሰው ላይም ይሠራል ማለት ነው?

ሜሮን_22፦
ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ በጡት ካንሰር ካረፈች ወዲህ እናቴ ጠዋትና ማታ የሽፈራው ዱቄት በሞቀ ውሃ ትጠጣለች። አይጥ ላይ ተሞክሮ ካንሰር ከለከለ ሲባል አንድ ቪዲዮ ላይ ሰምታ ነው። መጠጣቷ ግድ የለኝም፣ ምርመራ አልሄድም ማለቷ ነው ያስጨነቀኝ። አይጦቹ ላይ የሚደረገው ምንድን ነው?

የቤተ ሙከራ ልጅ፦
አክስትሽን ነፍስ ይማር። እኔ እንዲህ ዓይነት ሙከራ ላይ ሠርቻለሁ። አይጦቹ በቡድን ይከፈላሉ፣ ከዚያ ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል ይሰጣቸዋል፤ ለጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ ዲኤምቢኤ የሚባለው ነው። አንዱ ቡድን የተክሉን ኤክስትራክት ያገኛል፣ ሌላው አያገኝም። ወራት ጠብቀን ስንቶቹ ዕጢ አወጡ፣ መቼ ወጣባቸው እያልን እንቆጥራለን። ኤክስትራክቱ ደግሞ እናትሽ የሚጠጡት ዓይነት አይደለም። ቅጠሉ ደርቆ ይፈጫል፣ በአልኮል ወይም በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ፈሳሹ ተንኖ የቀረው ወፍራም ነገር በአይጧ ክብደት ልክ ተመዝኖ ይሰጣል። በኪሎ የተሰላውን መጠን ወደ ሰው ስትቀይሪው ትልቋ አይጥ ከሆነች ለ6 ገደማ ይካፈላል፣ ትንሿ አይጥ ከሆነች ለ12 ገደማ፣ እሱም መነሻ ግምት ብቻ ነው።
አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ኤክስትራክቱ መራራ ሆኖ አይጦቹ ምግብ ከቀነሱ ይከሳሉ፣ ምግብ መቀነስ ደግሞ ብቻውን አይጥ ላይ ዕጢ ያሳንሳል። ስለዚህ በየሳምንቱ ካልተመዘኑ ተክሉ ይሥራ ረሃቡ ይሥራ አይታወቅም።

አባ_ጎራው፦
ቤታ ካሮቲንን አስታውሱ፣ ካሮት ውስጥ ያለውን። እንስሳት ላይ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ክኒኑን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ተፈጥሯዊ ነው ተብሎ ዝም ብሎ አይወሰድም።

ትዕግስት_ጎ፦
እኔ ግን ተክልን አልንቅም። ማይታንሲን የሚባለው ንጥረ ነገር በ1972 እ.ኤ.አ. የተገኘው ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ተክል ነው። ብቻውን ሲሰጥ መርዛማነቱ ከበደ። ከእሱ የተሠራ ንጥረ ነገር ግን የካንሰር ሕዋሱን ለይቶ ከሚይዝ ፕሮቲን (ፀረ እንግዳ አካል) ጋር ተያይዞ በ2013 እ.ኤ.አ. ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር መድኃኒትነት ተፈቀደ፣ ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እሱም ለማከም እንጂ ለመከላከል አይደለም። ሜሮንዬ፣ እናትሽን ዱቄቱን ጣዪ አትበያቸው፣ ይቀየሙሻል። እህታቸው ስለታመሙ የእሳቸው ምርመራ ከሌላው ሰው ይበልጥ እንደሚያስፈልግ ንገሪያቸው። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት ካላቸውም ሽፈራው እንደሚጠጡ ሐኪሙ ይወቅ።

ሜሮን_22፦
የግፊት ክኒን ትወስዳለች! ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ ማታ ቡና ላይ አነሳባታለሁ። ተባረኩልኝ።