እህቴ ኮምፒውተር ትፈራለች፣ ፈተናው ደግሞ ኦንላይን ነው

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፣ ተፈጥሮ ሳይንስ። ጎበዝ ተማሪ ናት። ግን ማትሪክን በኦንላይን ልትፈተን እንደምትችል ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒውተር ላይ አራት አምስት ሆነው ነው የሚቀመጡት፣ ማውሱን የሚይዘው ደግሞ ሁሌም ያው የለመደው ልጅ ነው። ባለፈው ኢንተርኔት ቤት ወሰድኳት። ቁጭ እንዳለች እንደ ስልክ ስክሪኑን በጣቷ ነካችው፣ አጠገቧ ያሉ ልጆች ሳቁ። ከዚያ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ "ባበላሸውስ?" ብላ ተነሳች። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
የአይሲቲ መምህር ነኝ፣ እንዲህ ዓይነት ልጆች በየዓመቱ ያጋጥሙኛል። ብዙዎቹን የሚያስጨንቃቸው ሰው ፊት መሳሳት ነው። ስለዚህ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ውሰዳት፣ አንተም ከኋላዋ አትቁምባት፣ በተለይ ማውሱን ከእጇ ነጥቀህ "እንዲህ ነው" እንዳትላት አደራ። ማውሱ የጠረጴዛው ጫፍ ሲደርስ ብድግ አድርጋ ወደ መሃል እንድትመልሰው አሳያት። ይህን ማንም አይነግራቸውም፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት አልሄድ ስትላቸው ያበላሹት ይመስላቸዋል። ታይፒንጉን ለጊዜው ተወው፣ ፈተናው ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር የመጣው ሶሊቴር፣ የካርታ ጨዋታው፣ ስንቱን ሰው ማውስ አስለምዷል! እሱን ትጫወት።

መልስ 2፦
እኔ 2016 ላይ፣ ኦንላይኑ ሲጀመር ከተፈተኑት አንዱ ነኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ስክሪኑ ላይ የሚቆጥረው ሰዓት ነበር። የመረጥኩትን መልስ ተመልሼ መቀየር እንደምችል ሳውቅ ነው ቀለል ያለኝ። ሂሳብ ላይ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ገልብጣ ትስራ፣ ስክሪንና ወረቀት እያየች ቀና ጎንበስ ስትል አንድ ምልክት ልትስት ትችላለች። አይዟት በልልኝ።

መልስ 3፦
ምክሩ ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉንም ልጅቷ ላይ አትጫኑት እንጂ። ኮምፒውተር ሳይነኩ "የኮምፒውተር ክፍሎችን ዘርዝሩ" እየተባሉ ያደጉ ልጆች ናቸው፣ ቢፈሩ ምን ይገርማል? ወንድሜ፣ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆናችሁ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩ። የኮምፒውተር ላብራቶሪው ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፈትላቸው፣ ሴቶቹም የራሳቸው ተራ ይኑራቸው፤ ካልሆነ የለመደው ልጅ አይለቅላቸውም።

ጠያቂው፦
በጣም አመሰግናለሁ። ርዕሰ መምህሩን ሰኞ አናግራለሁ። መምህር፣ ሶሊቴር የሌለው ኮምፒውተር ከሆነስ?

መልስ 1፦
ፔይንት የሚባለውን የሥዕል ፕሮግራም ክፈትላትና በማውሱ ስሟን ትጻፍ። መጀመሪያ ይጣመማል፣ ታጥፋውና እንደገና ትጻፍ። ማጥፋት እንደሚቻል በዓይኗ ትየው።