ወርኃዊ የሳይንስ ልብ ወለድና የምናባዊ ታሪክ ንባብ መድረክ፦ የዕቅድ ውይይት

ከማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት፣ የሳይንስ ልብ ወለድና ምናባዊ ታሪክ የሚጽፉ ደራስያን ሥራቸውን በታዳሚ ፊት የሚያነቡበትን መድረክ የሚመለከት ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ። በረቂቁ መሠረት በየወሩ የመጨረሻ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ደራስያን እያንዳንዳቸው ለ40 ደቂቃ ያነባሉ፤ ከዚያም የታዳሚ ጥያቄ ይቀበላሉ፤ መግቢያውም በነጻ ይሆናል። ከተማችን ለመጻሕፍት ውይይትም ሆነ ለግጥም ምሽት እንግዳ አይደለችም፤ ሆኖም እኛ የምንጽፈው ዓይነት ታሪክ በእነዚህ መድረኮች ተራ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ረቂቁን ያለ ይሉኝታ እንድታርሙት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአንድ ደራሲ አባል

ጸሐፊያችን ስለ ደከሙበት አመሰግናለሁ። በንባቡ ርዝመት ግን አልስማማም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አዳራሽ የልብ ወለዴን የመጀመሪያ ምዕራፍ ሳነብ፣ ምዕራፉ የሚጀምረው በሰባት ነገሥታት የትውልድ ሐረግ ነበርና፣ ሦስተኛው ንጉሥ ላይ ስደርስ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት የመርሐ ግብሩን ወረቀት ገልብጠው ባዶውን ጀርባ ሲመለከቱ አየሁ። መጽሐፍ የያዘ ሰው ስም ሲምታታበት ወደ ኋላ ገልጦ ያያል፤ የሚያዳምጥ ሰው ግን የሚገልጠው ገጽ የለውም። ስለዚህ ንባቡ ከ20 ደቂቃ አይለፍ፤ አንባቢዎቹም ሁለት ብቻ ይሁኑ። በኒው ዮርክ ኬ.ጂ.ቢ. በተባለው መጠጥ ቤት በወር አንድ ረቡዕ የሚካሄደው የዚሁ ዘርፍ የንባብ ምሽትም ለረጅም ዓመታት የዘለቀው በአንድ ምሽት ሁለት ደራስያንን ብቻ እየጋበዘ፣ ታዳሚውንም በነጻ እያስገባ ነው።

መድረኩ ለእኛ ቋንቋ የተለየ ጥቅም እንዳለው አጥብቄ አምናለሁ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። ‹ገና› የሚለው ቃል በዓሉን ይሁን ጊዜን የሚያመለክተው ከዐረፍተ ነገሩ ይታወቃል። አንድ ደራሲ ከራሱ ፈጥሮ ‹ሰለና› ብሎ የሰየማት ፕላኔት ግን ‹ለ› ጠብቆ ይነበብ ላልቶ የሚነግረን ዐረፍተ ነገር የለም፤ ከደራሲው አንደበት መስማት አለብን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ‹ፍቅር እስከ መቃብር› በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ ያኖሩት ለዚህ ነበር፤ ልማዱ ግን አልተስፋፋም። ይኸው መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ የሰማ ሰው የገጸ ባሕርያቱ ስም እንዴት እንደሚጠራ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። እኛም ለምንፈጥራቸው ዓለማት እንዲህ ያለ ድምፅ ልናበጅላቸው ይገባል።

ከገንዘብ ያዥ

መግቢያው በነጻ መሆኑን እደግፋለሁ። የአንባቢዎቹ የመጓጓዣ ወጪና የሻይ ቡናው ከወርኃዊ መዋጮ ይሸፈን። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ መግዛት ግድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል።

ሜሪላንድ ከሚኖሩ አባል

በቀጥታ ስርጭት ለምንከታተል ሰዎች የእሑዱ ቀን አስቸጋሪ ነው። አዲስ አበባ 10 ሰዓት ሲሆን እዚህ እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ብዙዎቻችን ቅዳሴ ላይ ነን። ሰዓቱ ሳይለወጥ ቀኑ ወደ ቅዳሜ ቢዛወር ሁላችንም እንገኛለን። ንባቡ ተቀርጾ የሚቀመጥ ከሆነም ገና ያልታተመ ሥራ የሚያነቡ ደራስያን አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ፤ ያልተስማሙ እንደ ሆነ ቀረጻው ይቅር።

ከሌላ አባል

በየመድረኩ አንድ የሳይንስ ባለሙያ እንዲጋበዝ እጠይቃለሁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ ሌሊቱን ነቅተው እንጦጦ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ። የቁጥጥር ጣቢያዋም የነበረው እዚያው እንጦጦ ነው። ስለ ጠፈር የምንጽፍ ሰዎች በዚያ ከሠሩት ባለሙያዎች ጋር አንድ ጊዜ እንኳ ተቀምጠን አለመነጋገራችን ያሳዝነኛል።

ከአንዱ ደራሲ አባል በድጋሚ

ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ በየወሩ ከሆነ ግን ንባቡ ወደ ትምህርታዊ ገለጻ እንዳይለወጥ እሰጋለሁ። በአራት ወር አንድ ጊዜ ይሁን፤ ባለሙያውም ንባቦቹን ካዳመጡ በኋላ ይናገሩ።

ከማኅበሩ ጸሐፊ

አስተያየታችሁን ተቀብዬ ረቂቁን እንደሚከተለው አስተካክያለሁ።

መድረኩ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ይካሄዳል። በእያንዳንዱ መድረክ ሁለት ደራስያን ቢበዛ ለ20 ደቂቃ ያነባሉ፤ አንደኛው በተቻለ መጠን ሥራው ገና ያልታተመለት ጸሐፊ ይሆናል። አንባቢው ከሳምንት በፊት በአንድ አባል ፊት ጮክ ብሎ አንብቦ ይለማመዳል፤ የፈጠራቸውን ስሞች፣ በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ አድርጎ፣ በአንድ ገጽ ጽፎ ያስረክባል፤ ገጹም ተባዝቶ በር ላይ ለታዳሚ ይታደላል። ቀረጻ የሚደረገው በደራሲው የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ነው። የሳይንስ ባለሙያ በአራት ወር አንድ ጊዜ ይጋበዛል። የገንዘብ ያዣችን ሐሳብም እንዳለ ተካቷል።

አንድ ጉዳይ ብቻ አልተቋጨም፤ ይኸውም በአማርኛ የማይጽፉ ደራስያን በቋንቋቸው እንዲያነቡና ትርጉሙ በወረቀት እንዲታደል መፍቀዳችን ነው። እኔ ይፈቀድ ባይ ነኝ። ውሳኔያችሁን እስከ ሐሙስ ብትልኩልኝ ዐርብ ለአዳራሽ ጥያቄ የሚቀርበውን ደብዳቤ እጽፋለሁ።