በባልዲ ያለ የበለስ ችግኝ ሱሉልታ ላይ ውርጩን እንዴት ይለፍ?

የሱሉልታዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ በለስ ነው። ቁልቋሉን ማለቴ አይደለም፤ ሰፊ ቅጠል ያለውን፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣውን ዛፍ ነው። ችግኙ ከቁራጭ የበቀለ ነው፣ 10 ወር ሞልቶታል፣ ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ግንዱ የትንሽ ጣት ውፍረት አለው። ያለው በ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ውስጥ ነው፤ ባልዲው ደግሞ ግቢው መሀል ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ አደረና ሣሩ ላይ አመዳይ ተነጠፈ። ጠዋት የላይኞቹ አራት ቅጠሎች የተቀቀለ ጎመን መስለው ተገኙ፣ ከሰዓት በኋላ ጠቆሩ። የታችኞቹ ደህና ናቸው።

ኢንተርኔት ላይ የማገኘው ምክር ሁሉ «ጨለማ ጋራዥ አስገቡት፣ ሦስት ወር ውሃ አትስጡት» ይላል። መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት አለ፤ ላስገባው? የጠቆረውን ጫፍስ አሁን ልቁረጠው?

ቀይ አፈር፦

ዕቃ ቤት አታስገቢው። ያ ምክር ለአገሩ ልክ ነው፣ ለኛ ግን አይሆንም። ፈረንጅ አገር በለሱ ቅጠሉን ጨርሶ ያራግፍና ይተኛል፤ ጋራዡም ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ባለው ብርድ እንደተኛ ያቆየዋል። የተኛ ዛፍ ብርሃን አይፈልግም፣ ውሃም ለስሙ ያህል ነው። አንዳንዱ ጽሑፍ ደግሞ «ዊንተር»ን ክረምት ብሎ ይተረጉምና ሰውን ጭራሽ ያሳስታል። የኛ ውርጭ የሚመጣው በበጋ ነው። ሌሊቱ ከ0 በታች ቢወርድ እንኳ ቀኑ 20 ዲግሪን ያልፋል፤ አየሩ ደረቅ ነው፣ ፀሐይዋም አናት ትበሳለች። ዛፉ በእንዲህ ያለ አየር ግማሽ እንቅልፍ ነው የሚተኛው። ዕቃ ቤትሽ ሌትም ቀንም 14፣ 15 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ለመተኛት ይሞቀዋል፣ ለማደግ ይጨልምበታል። በሦስት አራት ሳምንት ነጣ ያለ ቀጭን ቡቃያ ያወጣል፤ መልሰሽ ስታወጪው ፀሐይ በአንድ ቀን ትጨርሰዋለች።

ስለዚህ የምትከላከዪው ሦስት ወሩን ሳይሆን ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ያለውን ነው። እሱም ሰማይ ጥርት ያለበትና ነፋስ ዝም ያለበት ሌሊት ብቻ። ደመና ሲኖር መሬት የሚለቀውን ሙቀት ደመናው ይመልሰዋል። ጥርት ሲል ግን ሙቀቱ ወደ ሰማይ ያመልጣል፤ ቅጠሉ ራሱ በዙሪያው ካለው አየር በታች ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ይፈሳል። የሱሉልታ ሜዳ የሚጎዳው በዚህ ነው፤ ከፍ ብሎ ተዳፋት ላይ ያለ ግቢ ብዙ ጊዜ ከሜዳው የተሻለ ያድራል።

ባልዲውን ዛሬውኑ ከሣሩ ላይ አንሺው። ሣር የመሬቱን ሙቀት ከሥሩ አፍኖ ስለሚይዝ ከላዩ ያለው አየር ከባዶ መሬት ይልቅ ይበርዳል። ወደ ደቡብ ወይም ወደ ደቡብ ምዕራብ የዞረ የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ፈልጊ። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል አዘንብላ ስለምትሄድ ያ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሌሊት ይለቃል። የቆርቆሮ አጥር አይረባም፣ እንደሞቀ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር አርቀሽ፣ የጣሪያው ጠርዝ ከላይ እንዲከልለው አድርጊ፤ ችግኙ ሰማዩን ባላየ መጠን ሙቀቱ አያመልጥም። በምሥራቅ በኩል ያለውን ግድግዳ ተይው። ውርጭ የያዘውን ቅጠል የማለዳ ፀሐይ በድንገት ስትመታው ጉዳቱ ይብሳል።

ችካል፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ስለ ሽፋኑ ልጨምር።

የባህር ዛፍ ችካል አራት፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ50። ባልዲው 40 ገደማ ስለሆነ ከነችግኙ 1 ሜትር ከ10 ይመጣል፤ ችካሉ 20 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ገብቶም ከጫፉ በላይ ትርፍ አለው። መሬቱ ሲሚንቶ ከሆነ ችካሎቹን ከባልዲው ጋር በገመድ እሰሪያቸው። ከዚያ የቃጫ ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ከላይ ጣል አድርገሽ እስከ መሬት አውርጂው፣ ዳሩን በድንጋይ ያዢው። እስከ መሬት የሚለው ዋናው ነው። ብዙ ሰው ጆንያውን ግንዱ ላይ አንገት ላይ እንደሚታሰር ሻርፕ ይጠመጥመዋል። ችግኝ እንደ ሰው የራሱ ሙቀት የለውም፤ ሽፋኑ የሚይዘው ከመሬቱና ከባልዲው የሚወጣውን ሙቀት ነው። ግንዱ ላይ ጠምጥመሽ ከመሬቱ ከለየሽው የሚያዝ ነገር የለም።

ላስቲክ ብቻውን አይሠራም። ስስ ላስቲክ ነፋስ ይከለክላል እንጂ መሬት የሚለቀውን ሙቀት አብዛኛውን ያሳልፈዋል፤ ቅጠል የነካበት ቦታ ደግሞ ቅጠሉ አብሮት ይቃጠላል። ከጆንያው በላይ ደርበሽ ብታለብሺው ግን ጆንያው በጤዛ እንዳይርስ ይጠቅማል።

ፀሐይ ስትጠልቅ፣ 12 ሰዓት ላይ ሸፍኚ፤ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ግለጪ። አለመግለጥ አለመሸፈንን ያህል ይጎዳል። እኩለ ቀን ላይ ከላስቲኩ ሥር 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ችግኙም «በልግ ገባ» ብሎ ለስላሳ ቡቃያ ይልካል፤ ያ ቡቃያ የሚቀጥለው ውርጭ ቀለብ ነው።

አንድ ርካሽ ነገር፦ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ስድስት ውሃ ሞልተሽ ቀን ፀሐይ ላይ አቁሚያቸው፣ ማታ ከሽፋኑ ሥር ባልዲውን ክበቢበት። 12 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 5 ሲወርድ የሚለቀው ሙቀት 20 ዋት የሚወስድ ዕቃ 10 ሰዓት ሲሠራ ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። ለአንድ ችግኝ ይበቃል።

ትንበያውን ስታዪ ደግሞ የአየር ሙቀት የሚለካው ከመሬት 1 ሜትር ከግማሽ እስከ 2 ሜትር ከፍ ብሎ መሆኑን አትርሺ። በተረጋጋ ጥርት ያለ ሌሊት ሣሩ ላይ ከዚያ በሦስት በአራት ዲግሪ ይወርዳል። የአዲስ አበባው ቁጥር ደግሞ የከተማው እንጂ የሜዳው አይደለም። ለከተማው 6 ከተባለ ሸፍኚ።

አዲስ ገቢ፦

ከሰል በማንደጃ አቀጣጥሎ ከሽፋኑ ሥር ማስቀመጥስ? ሲጠፋም ሙቀቱ ይቆያል።

ችካል፦

በፍጹም። ጆንያና ላስቲክ ባለበት እሳት ነው የምታስገባው። ዕቃ ቤት ወይም በረንዳ ዘግቶ ማድረግማ የባሰ ነው፤ የከሰል ጭስ አይታይም፣ ሰው ይገድላል። ለበለስ ብሎ ነፍስ ማስያዝ አይገባም።

የሱሉልታዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ግድግዳው ተገኝቷል፣ ባልዲውም ተዛውሯል። ያልጻፍኩት ነገር፦ አፈሩ ግቢው ውስጥ ያለው ዋልካ ከፍግ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ውሃ የሚጠጣው በየማታው 2 ሊትር ነው። ከታች ያሉት ቅጠሎችም ቢጫ መሆን ጀምረዋል። እሱም ከብርዱ ነው?

ቀይ አፈር፦

አይደለም፣ እሱ ከውሃው ነው። እውነቱን ለመናገር ከውርጩ ይልቅ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ውርጭ ጫፉን ይወስዳል፣ ዋልካ ከውሃ ጋር ሥሩን ይወስዳል። ጫፍ ይተካል።

በለስ ሲቀዘቅዝ ውሃ የሚጠጣው በጣም ጥቂት ነው፤ ዋልካ ደግሞ ውሃ ሲይዝ አየር የሚባል አያስቀርም። በየማታው 2 ሊትር ማለት ሥሩ ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ያድራል ማለት ነው። ምልክቱ ግራ ያጋባል፤ ሥሩ የበሰበሰ ችግኝ እንደተጠማ ችግኝ ይጠወልጋል፣ ሰውም ጠማው ብሎ ይጨምርለታል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ ችግሩ ሥር ነው።

አሁን ውሃውን አቁሚና ባልዲውን በእጅሽ አንሥተሽ ክብደቱን ልመጂ። ከዚያ ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አስገቢ፤ እርጥበት ከተሰማሽ ተይው። ከደረቀ 1 ሊትር ከግማሽ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ። ቅጠል ካለው በሳምንት አንዴ፣ ቅጠሉ ካለቀ በ10 እና በ12 ቀን አንዴ ቢደርሰው ነው። ማታ አይጠጣም። ጨርሶ ማድረቅም ልክ አይደለም፤ የደረቀ አፈር ቀን ሙቀት አይዝም፣ ይህ ደረቅ ነፋስም የግንዱን ጫፍ ያኮማትረዋል። ከባድ ውርጭ በሚጠበቅበት ቀን ረፋድ ላይ አፈሩ ለስለስ ያለ እርጥበት ቢኖረው ሌሊቱን ይረዳል።

ባልዲው ቀዳዳ አለው? ከሥሩ ስድስት፣ ከጎኑ ከታች 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ አራት፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል። ምስማር በእሳት አግለሽ በሺው፤ ባልዲውን አጋድመሽ ማድረግ ይቻላል፣ ችግኙን ማውጣት አያስፈልግም። ከዚያ በሁለት የተሰበረ ብሎኬት ላይ አስቀምጪው፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን። ጠጠር ከታች መደልደል የሚባለው ልማድ ግን አይጠቅምም፤ ውሃው ጠጠሩ ጋ ሲደርስ ከላይ ባለው አፈር ውስጥ ቆሞ ይቀራል፣ የሥሩን ቦታ ነው የምታሳንሺው።

አፈሩን አሁን አትቀይሪ። ሥር ተነክቶ ውርጭ ሲጨመርበት አይችልም። የካቲት መጨረሻ ላይ ቡቃያው ማበጥ ሲጀምር፦ ቀይ አፈር 10 ሊትር፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት 5 ሊትር፣ የተነፋ ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) 5 ሊትር፤ የሬድ አሹ ፍሬ ከሽምብራ ያልበለጠ ይሁን። ስትገለብጪው ሥሩን እዪ፤ ነጭ ወይም ቀላ ያለ ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው፣ ቡናማ ሆኖ ሲጎትቱት ልጡ እንደ ካልሲ የሚወልቅ ከሆነ እስከ ጤነኛው ድረስ ይቆረጣል። እንደ ዶቃ ያበጠ ካለበት ኔማቶድ የሚባለው ሥር ውስጥ የሚገባ ጥቃቅን ትል ነው፣ ያን አፈር ለሌላ ተክል አትጠቀሚበት።

ጓሮዬ፦

ስለ መቁረጡ የመለሰላት የለም። እህቴ፣ አሁን አትቁረጪ። የጠቆሩት ቅጠሎች እዚያው ይንጠልጠሉ፤ አስቀያሚ ናቸው እንጂ ከታቻቸው ያለውን እንቡጥ ከሰማይ ይከልሉታል። ቶሎ ከቆረጥሽ ደግሞ ዛፉ ከቁስሉ በታች አዲስ ያቆጠቁጣል፣ ጥር ገና አላለቀም።

የሞተውን ከዳነው የምትለዪው በጥፍርሽ ነው። ከጫፉ ጀምረሽ ልጡን በጣም በትንሹ ፋቂ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ 5 ሳንቲ ሜትር ወረድ በይና ድገሚ። አረንጓዴና እርጥብ ስታገኚ፣ ጠብ የሚል ወተትም ሲኖረው ሕይወት እዚያ ጋ ይጀምራል። ቦታውን በክር እሰሪበት። መጋቢት ላይ ከዚያ በላይ ያለውን ከእንቡጥ ከፍ ብለሽ አግድም አድርገሽ ቁረጪ። ጓንት አይቅር፤ ወተቱ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቆስላል፣ ዓይን ከነካማ የባሰ ነው።

አረንጓዴው ጫፍ 1 እና 2 ዲግሪ ከ0 በታች ሲወርድ ያልቃል። ግራጫ የሆነው እንጨት ግን ለጥቂት ሰዓት 3 እና 4 ዲግሪ ከ0 በታች ይችላል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት ዋናው ሥራ ያለው በነሐሴ ነው፦ ከነሐሴ መግቢያ ጀምሮ ዩሪያም ትኩስ ፍግም አይሰጠውም፤ አዲስ ቡቃያ መላኩን ትቶ ያለውን እንጨት ያጠነክር። አንቺ ጋ ጫፉ የተመታው ፍጉ እስከ ጥቅምት ሲገፋው ስለነበር ይመስለኛል።

ባልዲውን ደግሞ ሰፋ ባለ ጆንያ ውስጥ አስገብተሽ ዙሪያውን 10 ሳንቲ ሜትር ጭድ ጠቅጥቂበት። ለብርዱ ብቻ አይደለም፤ የቀለም ባልዲ ቀን ፀሐይ ሲመታው ጠርዙ ላይ ያለው ሥር ይቀቀላል። ጭዱ ግንዱን እንዳይነካ፣ አይጥ እዚያ ገብታ ልጡን ትግጣለች። ግንዱን በበጠበጥሽው ኖራ ቀቢው፣ የቀን ፀሐይ ልጡን እንዳይሰነጥቀው።

ቅጠሉ ላይ የሚመጣውን ሁሉ ግን ውርጭ አትበዪው። ውርጭ በአንድ ሌሊት ነው የሚመጣው፣ ከላይ ይጀምራል። በዝናቡ ወራት ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ጀምሮ ትንንሽ ነጠብጣብ ታይቶ ሲገለበጥ ብርቱካናማ ዱቄት ካለበት ዋግ ነው፤ የረገፈውን ለቅሞ ማቃጠል ነው። አሁን በደረቁ ወራት ደግሞ ከቅጠሉ ሥር ስስ ድር ካየሽ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ረፋድ ላይ የቅጠሉን ጀርባ በውሃ ማጠብ ይበቃዋል።

የሱሉልታዋ፦

ቀዳዳ አልነበረውም! አሁን ተበስቶ ከጎኑ ጥቁር ውሃ እየወጣ ነው፣ ይሸታል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ መሬት ላይ መቼ ይተከል? አንጓው ላይ የሽምብራ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት በለሶችም አሉ።

ቀይ አፈር፦

የሚሸት ከሆነ እስኪደርቅ ድረስ ሁለት ሳምንትም ቢፈጅ ውሃ አታቅምሺው።

መሬት ላይ ሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሲይዝ። መስከረም ሳይወጣ ሥር ይይዛል፣ ጥቅምት ሲደርስ ሥሩን መሬቱ ራሱ ይጠብቅለታል። ዋልካ ስለሆነ ግን ጉድጓድ ቆፍረሽ አትትከዪው፤ ጉድጓዱ በክረምት ገንዳ ይሆናል። 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታና 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው ጉብታ ሥሪ፣ ከዚያው ግድግዳ 1 ሜትር ከግማሽ ራቅ ብሎ፣ እላዩ ላይ ትከዪው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋ ያው ጆንያ ያስፈልገዋል።

ሁለቱን ፍሬዎች ንቀያቸው። በዚህ ብርድ አይበስሉም፣ ጉልበቱን ነው የሚበሉት።