የለኪሶ ቃጠሎ፦ የሰናክሬም ወይስ የናቡከደነፆር?

ጠያቂ፦
2ኛ ነገሥት 18፥14 ላይ የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ወደ አሦር ንጉሥ ወደ ሰናክሬም መልእክት የላከው የይሁዳ ከተማ እስከሆነችው ለኪሶ ድረስ ነው። ኤርምያስ 34፥7 ደግሞ የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ሲዘምት እስከ መጨረሻው ከቆዩት ከተሞች ጋር ይቆጥራታል። ሁለት ጊዜ ከተቃጠለች፣ በቁፋሮ የተገኘው አመድ የየትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? ለጥናት ቡድን የሚቀርብ ስለሆነ በግምት እንዳይሆን ነው።

ብራና፦
መጀመሪያ የደርቦቹን፣ ማለትም በላይ በላይ የተነባበሩትን የፍርስራሽ ንጣፎች አቆጣጠር ያዝ። ቁፋሮ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ቁጥሩም ከላይ ይጀምራል፤ ደርብ 3 ከደርብ 2 ይቀድማል ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገለበጥበታል። ሁለቱም ያለቁት በእሳት ነው። ላይኛውን ባቢሎናውያን ማቃጠላቸው ብዙም አላከራከረም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የቆፈረው ስታርኪ ግን ደርብ 3ንም ለባቢሎን ሰጥቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት 597 ነው አለ። ባልደረባው ኦልጋ ተፍኔል 701 ነው፣ የሰናክሬም ነው ብላ ተከራከረች። ማስረጃዋ ሸክላው ነበር፤ የሁለቱ ደርቦች ሸክላ እጅግ ይለያያል፣ በ10 ዓመት እንዲህ አይለወጥም፣ በ115 ዓመት ግን ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የቆፈረው ዴቪድ ኡሲሽኪን የእሷን ቀን አጸናው። በደርብ 3 ፍርስራሽ ሥር ጆሯቸው ላይ «ለንጉሥ» የሚል ማኅተም ያለባቸው ጋኖች ተገኝተዋል። ማኅተሙ ሌላ ቦታ ሲገኝም ዘመኑን ለመገመት የሚረዳው ለዚህ ነው።

ድልድል፦
ብራና ላይ የምጨምረው የኮረብታውን ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ነው። አሦራውያን ከድንጋይ የደለደሉት መወጣጫ ዛሬም አለ፤ ተከላካዮቹም በቅጥሩ ውስጥ በኩል አጸፋ ደልድለዋል። ነነዌ ከሰናክሬም ቤተ መንግሥት የወጣው፣ አሁን በብሪታንያ ሙዚየም ያለው የድንጋይ ቅርጽ ይህንኑ ያሳያል። ከቅጥሩ ላይ ችቦ ይወረወራል፤ በግንብ መደርመሻው ላይ ያለው ወታደር ደግሞ እንዳይቃጠልበት ረጅም እጀታ ባለው ጭልፋ ውኃ ያፈስበታል። የለኪሶ ስም የተጻፈው እዚህ ቅርጽ ላይ ነው። የሰናክሬም ዜና መዋዕል 46 የተመሸጉ ከተሞች ያዝኩ ሲል ለኪሶን በስም አይጠራም፤ «ዜና መዋዕሉ ለኪሶን ይጠቅሳል» ብለህ እንዳታስተምር።

ጠያቂ፦
ሕዝቅያስ ለሰናክሬም የከፈለው የግብሩ መጠንስ በመጽሐፍ ቅዱስና በአሦሩ ጽሑፍ ይገጥማል?

ድልድል፦
ወርቁ ይገጥማል፣ በሁለቱም 30 መክሊት ነው። ብሩ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ 300፣ በአሦሩ ጽሑፍ 800 ነው። የሚያስማሙ መላምቶች አሉ፤ የሚሻለው ልዩነቱን እንዳለ ማቅረብ ነው።

ገል፦
ስለ ላይኛው ደርብ፦ እ.ኤ.አ. በ1935 በከተማዋ በር ክፍል፣ በአመድ ውስጥ፣ በገል ላይ በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎች ተገኝተዋል። አራተኛው ላይ ጸሐፊው የለኪሶን ምልክት እንደሚጠባበቁ፣ ዓዜቃ ግን እንደማትታያቸው ይናገራል። ሁለቱን ከተሞች አብሮ ከሚጠራው ከኤርምያስ 34፥7 ጎን ሲነበብ ልብ ይነካል። ሆኖም «ዓዜቃ ወድቃለች» የሚለው ትርጓሜ ነው እንጂ ደብዳቤው እንዲህ አይልም፤ ለይታችሁ አስተምሩ።

አንድ የፊደል ነገር፦ ማስታወሻ ስትጽፍ አሦርና አሶር እንዳይቀላቀሉብህ። በ«ሦ» የሰናክሬም አገር ነው፤ በ«ሶ» ኢያሱ 11 ላይ የተቃጠለችው፣ በገሊላ ያለችው የኢያቢስ ከተማ ናት። ሲነበብ ድምፁ አንድ ስለሆነ አድማጭም ይሳሳታል፣ አገር ወይም ከተማ ብለህ ለይተህ ጥራቸው።