ቡቺ አልበላ ብላ አጥንቷ ቀረ፤ ምን ላድርግ?

የቡቺ እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ጅማ፣ ወደ ጅረን መውጫ ነው። ቡቺ የምትባል ጸጉራም ፈረንጅ ውሻ አለችኝ። ዕድሜዋ 4 ዓመት ነው፤ ቁመቷ ግን ከድመት አይበልጥም። ከሁለት ወር ወዲህ ምግብ ጠልታለች። ሩዝ በሥጋ አቀርብላታለሁ፤ ታሸታለች፣ አንድ ሁለቴ ትጎርሳለች፣ ጥላው ትሄዳለች። ከኛ ትሪ ፍርፍር ሲጣልላት ግን ትበላለች። ባለፈው ሳጥባት ደነገጥኩ። ጸጉሯ ሲረጥብ የጎን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እናቴ «ጥጋብ ነው፤ ሁለት ቀን አስርቢያት፣ ድንጋይም ትበላለች» ትላለች። ጾም ስለሆነ ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፤ ለሷ ብቻ ሩብ ኪሎ ስገዛ ጎረቤት ይስቅብኛል። ምከሩኝ።

ቡና ነጋዴው፦
እህቴ፣ መጀመሪያ መዝኛት። እኔ የኔን ዘንቢል ውስጥ አስቀምጬ በቡና ሚዛን ነው የምመዝነው (ደንበኞች ሲያዩ ይገርማቸዋል)። በየሳምንቱ፣ ከመብላቷ በፊት። ጸጉራም ውሻን በዓይን ማመን አይቻልም። ደግሞ ግቢ ውስጥ ቡና የምታሰጡ ከሆነ አርቂያት። ቡና ለውሻ መርዝ ነው፤ ጥሬውም፣ የተቆላውም፣ አተላውም።

ሦስት ውሻ ያሳደግኩ፦
ጉዱ ያለው ትሪው ላይ ነው። ፍርፍር እንደሚመጣ ካወቀች ሩዙን ለምን ትነካለች? ከነገ ጀምሮ ከትሪ ምንም እንዳይወረወርላት። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ትንሽ ትንሽ አቅርቢላት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቂ፣ ካልበላች ዝም ብለሽ አንሺው። አትለምኛት፣ አታጉርሻት። ምግቡን ለብ አድርጊው፤ ሽታው ሲወጣ ነው የምትጓጓው። የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍሪበት፤ አንዱ ወደ 70 ካሎሪ አለው፣ ለሷ ቁመት ቀላል አይደለም። ፍርፍሩን የምከለክልሽ ለአመሏ ብቻ አይደለም። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት መቼ ይሠራል?

የአቮካዶ ጎረቤት፦
ጅማ ተቀምጠን ስለ ማወፈር እንጨነቃለን? አቮካዶ ስጪያት! ወተትም ጨምሪበት።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦
አቮካዶው ይቅር። የውስጡ ጠንካራ ፍሬ ቢያንቃት ወይም አንጀቷን ቢዘጋስ? ድንገት የበዛ ቅባትም ቆሽቷን ሊያሳምም ይችላል። ወተት ብዙ ውሾችን ያስቀምጣል፤ ያገኘችውን ክብደት መልሳ ታጣዋለች።

እናትሽን አክብሬ ነው፣ ማስራቡን ግን አትሞክሩት። ትንሽ ውሻ፣ ያውም የከሳች፣ ስትራብ ስኳሯ ቶሎ ይወርዳል፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ልትወድቅም ትችላለች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የጎረሰችውን መልሳ ትጥላለች? በአንድ ጎን ታኝካለች? አፏ ይሸታል? ፍርፍር ለስላሳ ነው። እሱን መርጣ ሳይሆን ሌላው አሟት ሊሆን ይችላል። ከሁለት ወር በፊት ደህና ትበላ የነበረች ውሻን «መራጭ» ከማለት በፊት አፏን ማየት ይሻላል። የትል መድኃኒትስ መቼ ወሰደች? ጥሬ ሳንባ ወይም ጉበት አግኝታ ታውቃለች? መዥገርም ፈልጊ፤ ከጆሮዋ ሥርና ከጣቶቿ መሃል። የሰው የትል ክኒን በግምት እንዳትሰጫት፣ መጠኑ በክብደቷ ነው የሚሰላው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ስለሚያስተምር እዚያም ጠይቂ። ካስመለሳት፣ ደም ያለው ተቅማጥ ካያችሁ ወይም ቀኑን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይዘሻት ሂጂ።

የቡቺ እናት፦
ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ! ማታ በስልኬ መብራት ከንፈሯን ገለጥ አድርጌ አየሁ። በግራ በኩል ላይኛው መንጋጋዋ ቡናማ ቅርፊት ለብሷል፣ ድዷ ቀልቶ አብጧል። ሽታው አያስቀርብም። ሥጋ ስሰጣት በግራ ትይዘዋለች፣ ጭንቅላቷን ታዘነብላለች፣ ከዚያ ጠብ ታደርገዋለች። ሁለት ወር ሙሉ ፊቴ ስታደርገው አላስተዋልኩም። ነገ እወስዳታለሁ።

የቡቺ እናት (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
ሁለት ጥርስ ተነቀለላት፣ የትል መድኃኒትም ወሰደች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሥጋውን ከትፌ፣ በመረቅ አርሼ ነበር የምሰጣት። መረቁ ያለ ሽንኩርትና ያለ ጨው ነው። በቡና ነጋዴው ዘዴ ሰፈር ካለው ሱቅ አስመዘንኳት፤ 2.8 ኪሎ ነበረች፣ ዛሬ 3.1 ገብታለች። ሳህኗን እየላሰች ኮሪደሩን ታስዞረዋለች። እናቴ ግን አሁንም ከጠረጴዛ ሥር ፍርፍር ታቀብላታለች። ትናንት እጅ ከፍንጅ ያዝኳት።

ሦስት ውሻ ያሳደግኩ፦
እትዬን ቢያንስ የተቀቀለ እንቁላል አስይዣቸው።