«የሌላ ሰው እጅ ያልገባበት» አልበም? ኧረ ተው!

ባለትሮምቦኑ፦ ትናንት እዚህ ስለ ቦን ኢቬር የመጀመሪያ አልበም የተለጠፈውን አያችሁት? «ፎር ኤማ፣ ፎረቨር አጎ»ን ጀስቲን ቨርነን (ቦን ኢቬር ማለት እሱ ነው) ጫካ ገብቶ፣ በር ዘግቶ፣ «የሌላ ሰው እጅ ሳይገባበት» የሠራው ነው ይላል። እውነተኛ ፎክ፣ ማለትም የሕዝብ ዘፈን ቃና ያለው የጊታር ሙዚቃ፣ ይሄ ነው፣ ስቱዲዮ የሚሠራው ሁሉ ማስመሰል ነው ይላል። ላይኩ ደግሞ ይዘንባል። እኔ በበኩሌ ይሄ ወሬ ሰልችቶኛል። እስቲ ስምንተኛውን ዘፈን ክፈቱት። ትራምፔትና ትሮምቦን አለበት። ማን ነፋው? አጋዘኑ?

የጫካው ልጅ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እዚያው ሥር ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት? ደግሞ ምኑ ነው ወሬ? በፈረንጆች 2006 መጨረሻ ላይ ልጁ ሁሉ ነገር ፈርሶበታል። ባንዱ ዲያርሞንድ ኤዲሰን ተበትኗል። ከፍቅረኛው ተለያይቷል። በዚያ ላይ ሞኖ የሚባለው በሽታ ጉበቱን ይዞት አልጋ ላይ ከርሟል። ከሰሜን ካሮላይና ተነስቶ ዊስኮንሲን፣ የአባቱ የአደን ጎጆ ውስጥ ገባ። የበረዶውን ወራት እዚያ አሳለፈ። አልበሙ የወጣው ከዚያ ነው። ሁለት ቱቦ ኋላ ስለተጨመረ ይሄ ሁሉ ይሰረዛል?

ባለትሮምቦኑ፦ «ቱቦ» ብሎ ነገር! ስሜን አይተህ ተናገር እንጂ።

ጠያቂዋ፦ ቱቦው ይቅር። የመጀመሪያው ዘፈን «ፍሉም» ላይም በድምፅ፣ በፍሉትና በድራም የገባ ሌላ ሰው አለ። አልበሙ ላይ ስም ዝርዝሩ ተጽፏል፣ አንብበው። «የሌላ ሰው እጅ ያልገባበት» ስትል እነዚህ ሰዎች እጅ የላቸውም ማለትህ ነው?

የጫካው ልጅ፦ ከ9 ዘፈን 2 ቆጥራችሁ አመጣችሁ። የቀሩት 7ቱስ?

ጠያቂዋ፦ አሁን «ከሞላ ጎደል» አልክ ማለት ነው። ትናንት ከሞላ ጎደል አላልክም።

ጋሼ ካሴት፦ ልጆቼ፣ ከመቁጠራችሁ በፊት አዳምጡ። «ዘ ዉልቭስ» የሚለው ዘፈን ወደ ማለቂያው ሲደርስ ምን እንደሚሆን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ያ ቀጭን ድምፅ አንድ ሐረግ ይዞ መመላለስ ይጀምራል። በላዩ ሌላ ይደረባል፣ በዚያ ላይ ሌላ። አንድ ሰው ራሱን አባዝቶ ማኅበር የሞላ ሕዝብ ይመስላል። ከበሮው ከሥር እየተንኮታኮተ ይመጣና ሁሉንም ይበትነዋል። አጠገቡ ሌላ ዘፋኝ ቢኖር ኖሮ እንዲህ ይደራርበው ነበር? ያ ድምፅ የመጣው ሰው ከማጣት ነው። ልጁ ልክ ነው።

የጫካው ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! ጆሮ ያለው ሰው ተገኘ።

ባለትሮምቦኑ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፣ ግን የነገሩኝ እኮ ለኔ ነው የሚያደላው። ድምፅ በድምፅ ላይ መደራረብ የስቱዲዮ ሥራ ነው። የመቅጃ ሶፍትዌር ጫካ አይበቅልም። ማይክና ኮምፒውተር ያለበት ጎጆ ስቱዲዮ ካልሆነ ምን ይባላል? እሱ ግን «ስቱዲዮ ማስመሰል ነው» አለን። እርስዎ ያደነቁት እኮ ማስመሰሉን ነው።

ጋሼ ካሴት፦ ነገር ጠመዘዝክ አንተ ልጅ።

ሰላማዊ ሰው፦ ይቅርታ፣ አጋዘን ያልከው ነገር ቀልድ ነው ወይስ እውነት?

ባለትሮምቦኑ፦ እውነት ነው። እዚያ እያለ አድኖ በልቷል።

ሰላማዊ ሰው፦ አቤት! እና ይሄን ነው «ስሜት የሚነካ አልበም» የምትሉኝ?

የጫካው ልጅ፦ የአደን ጎጆ ውስጥ ምን እንዲሠራ ፈለግክ፣ ዮጋ?

ባለ ሁለት ጆሮ፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። እኔን የሚያናድደኝ የጎጆው ታሪክ ባይኖር አልበሙን ማንም አይሰማውም የሚሉት ናቸው። የዚሁ አልበም ዘፈን የሆነውን «ስኪኒ ላቭ»ን እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ በርዲ በ2011 በፒያኖ ስትዘፍነው የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ስንቱ ነው በሷ ድምፅ ሰምቶ ያለቀሰው? ስለ ጎጆ፣ ስለ ጉበት፣ ስለ በረዶ አንዲት ቃል ሳያውቅ። ዜማው ራሱን ችሎ ይቆማል።

ጠያቂዋ፦ ይሄኛው ሚዛን ይደፋል። የጫካው ልጅ፣ ምን ትላለህ?

የጫካው ልጅ፦ ዜማው ጎበዝ ነው ማለት ታሪኩ ውሸት ነው ማለት ነው እንዴ? እኔ መቼ ዜማው ደካማ ነው አልኩ?

ባለ ሁለት ጆሮ፦ አላልክም። ግን ጽሑፍህን ድጋሚ አየሁት። ስለ በረዶ ሦስት አንቀጽ አለ። ስለ ጊታሩ አንዲት መስመር የለም።

ባለትሮምቦኑ፦ 😂😂

ዝምታ አልወድም፦ በ2008 እኮ ፍሊት ፎክስስ የሚባሉት ባንዶችም የመጀመሪያ አልበማቸውን አውጥተዋል። የሲያትል ልጆች ናቸው። ድምፃቸውን አስማምተው በአንድ ላይ ይዘምራሉ። ጫካ የገባ የለም፣ የታመመ የለም። ተወደደላቸው አይደል? ስለዚህ ፎክ ለመሥራት መሰቃየት ግድ አይደለም።

የጫካው ልጅ፦ እነሱማ የድሮውን ሠዓሊ የብሩገልን የ1559 ሥዕል ሽፋን ላይ ለጥፈው መንደርተኛ መስለው ነው የመጡት። ያ ታሪክ መሸጥ አይደለም? የኔው ሰው ቢያንስ የኖረውን ነው የሸጠው።

ዝምታ አልወድም፦ «ሸጠው»! ከራስህ አፍ ወጣ እንግዲህ።

የጫካው ልጅ፦ አቦ አትጣመሙብኝ! መጀመሪያ አልበም ላድርገው ብሎም አልነበረም። ለዴሞ፣ ለማሳያ ቅጂ ነበር ያሰበው። በ2007 ራሱ አሳትሞ አወጣው፣ ጃግጃጉዋር የሚባለው አሳታሚ የደረሰበት በ2008 ነው። ሊሸጥ የተነሳ ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው?

ጠያቂዋ፦ ዴሞውን እንዲሁ እንዳለ አውጣው ያሉት ወዳጆቹ ናቸው። ይኸው ሌላ እጅ!

የጫካው ልጅ፦ ምክር እጅ ነው?

ጠያቂዋ፦ አልበሙ እንዲወጣ ካደረገ፣ አዎ።

ቃል ፈላጊ፦ ሁላችሁም ስለ እጅ ትጨቃጨቃላችሁ፣ እኔ ግን የሚለው ነገር አንዱም አይሰማኝም። ምን እያለ ነው የሚዘፍነው?

ባለ ሁለት ጆሮ፦ መጀመሪያ ዜማውን ትርጉም በሌለው ድምፅ ዘፍኖ ይቀዳዋል። ከዚያ ቀረጻውን እየሰማ ድምፁ የመሰለውን ቃል ይፈልግለታል። ግጥሙ እንደዚያ ነው የተጻፈው።

ቃል ፈላጊ፦ እና ይሄ ግጥም ይባላል? እኔም እያጉረመረምኩ ብቀዳ ገጣሚ ነኝ?

ጋሼ ካሴት፦ ሞክራ! እስቲ ቅዳና እንስማህ።

ባለትሮምቦኑ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ቦን ኢቬርን ባንድ ያደረገው ማን ነው? ሾን ኬሪ የሚባል ሙዚቀኛ አልበሙን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሰምቶ፣ የድራሙንና የአጃቢ ድምፁን ክፍል አጥንቶ መጣና አብሬህ ልጫወት አለው። ቨርነን ራሱ መድረክ ላይ ብቻውን እንደማይችለው አውቋል። እዚህ ያሉት ደጋፊዎቹ ናቸው ያላወቁት።

የጫካው ልጅ፦ መድረክ ሌላ፣ አልበም ሌላ! ስለ አልበሙ ነው የጻፍኩት። ደግሞ በ2012 ግራሚ የሸለመው ይሄንኑ ሰው ነው።

ዝምታ አልወድም፦ የተሸለመው በሁለተኛው አልበሙ ነው። በዚያ ላይ «ምርጥ አዲስ አርቲስት» ብለው! የመጀመሪያ አልበሙ ከወጣ ከአራት ዓመት በላይ ሆኖት! ግራሚን ማስረጃ አድርገህ አታምጣብኝ።

ባለ ሁለት ጆሮ፦ ግራሚ ፎክን መቼ በጊዜው ሰምቶ ያውቃል?

አድሚን፦ የግራሚ ነገር የራሱ ክርክር አለው፣ እዚያ ውሰዱት። ቃል ፈላጊ፣ ለጋሼ የላክኸውን የድምፅ ቅጂ አጥፍቼዋለሁ፣ አራት ደቂቃ ማጉረምረም እዚህ አይለጠፍም።

ቃል ፈላጊ፦ ታዲያ እሱን ለምን ሰማችሁት?